ታራሚ ቤተሰቡን በስልክና በቪዲዮ ያግኝ ወይስ በአካል ጥየቃው ይበቃል?

የመንዟ እህት፦
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ዛሬ ለክርክር የማነሳው ነገር የራሴም ጉዳይ ስለሆነ ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከታሰረ ሁለት ዓመት አለፈው። ተፈርዶበታል፣ ጥፋቱንም አልክድም። ያለበትን ቦታ ስም አልጠራም፣ ከዞናችን ውጭ ነው፣ ሩቅ ነው። እናቴ ያለችው መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ገባ ብሎ። ጉልበቷ አይታዘዝላትም። ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው የተፈረደበት ቀን ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ስለምሠራ በሁለት ወር አንዴ እሄዳለሁ። ሌሊት ተነስቼ፣ ሁለት መኪና ቀይሬ፣ አልጋ ይዤ አድሬ፣ ጠዋት ለፍተሻ ተሰልፌ በመጨረሻ የማገኘው አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በመሃላችን አጥር አለ። ግራና ቀኝ ያለው ጠያቂ ሁሉ ስለሚጮህ እኔም እጮሃለሁ። ወንድሜ «እምዬ ደህና ናት?» የሚለውን ሦስት ጊዜ ነው የሚደግመው፣ መልሴ አይሰማውማ።

ስልክ መደወል ይችላል። ግን መቼ እንደሚደርሰው እሱም አያውቅም። አንዳንዴ በወር ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ሙሉ ዝም። እናቴ ስልኳን ይዛ ነው የምትተኛው። ወፍጮ ቤት ሄዳ ሳለች ደውሎ ያጣት ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ታራሚ በሳምንት በታወቀ ቀንና ሰዓት ለቤተሰቡ በስልክ፣ ከተቻለም በቪዲዮ ማነጋገር ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት? የኔ አቋም ይፈቀድለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀኑ የታወቀ ይሁን። እስቲ ተከራከሩኝ።

ከደብረ ብርሃን፦
እስር ቤት እኮ ሆቴል አይደለም። ያጠፋ ሰው ነፃነቱን ያጣል፣ ቅጣት ማለት ይሄው ነው።

የመንዟ እህት፦
ወንድሜ የተፈረደበት እሱ ነው። እናቴ ምን አጠፋች?

ከደብረ ሲና፦
እህቴ፣ ሐዘንሽን አላናንቅም። እናትሽንም እግዚአብሔር ያበርታልሽ። ግን እኔ ያለሁት በሌላው ወገን ነው፣ እኛንም ስሙን። ወንድሜን በመሬት ድንበር ጠብ የገደለው ሰው ታስሯል። ከተፈረደበት ጥቂት ወራት በኋላ ለምስክራችን ከማያውቀው ቁጥር ተደወለለት። ድምፁን ለየው። «ስወጣ እንገናኛለን» ብሎት ዘጋው፣ ሌላ ቃል የለም። ያ ምስክር እስካሁን ከመሸ ከቤቱ አይወጣም። ስልክ ይፈቀድ ስትሉ እኔ የምሰማው ያንን ድምፅ ነው። እናትሽ በወር አንዴም ቢሆን የልጇን ድምፅ ትሰማለች። የኔ እናት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም የልጇን መቃብር ነው የምታየው።

የቀድሞ የማረሚያ ፖሊስ፦
በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ። የደብረ ሲናው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። ግን አንድ ነገር ላስረዳህ። ያ ሰው የደወለው በሕጋዊው ስልክ ነው ብዬ አላምንም። እኔ በነበርኩበት ቦታ በሕጋዊው ስልክ የሚደወልባቸው ቁጥሮች ቀድመው ይመዘገቡ ነበር፣ አጠገቡም ፖሊስ ይቆማል። ዛቻ የሚመጣው በድብቅ ከገባ ስልክ ነው። ስልክ በዳቦ ውስጥ ተጋግሮ ሲገባ አይቻለሁ፣ በጫማ ሶል ተሰፍቶ ሲገባም ይዣለሁ። ሕጋዊው መስመር በጠበበ ቁጥር የድብቁ ዋጋ ይወደዳል። ሚስቱ ወልዳ ወንድ ይሁን ሴት ያላወቀ ሰው ደቂቃውን በፈለጋችሁት ብር ይገዛል። የሚገዛው ደግሞ ከማን ነው? ስልኩ ካለው ጉልበተኛ ታራሚ። ከዚያ በኋላ የሱ ባለ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

በ2012 ኮሮና የገባ ሰሞንማ ጥየቃ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ያኔ በአገር ደረጃ ከ4,000 በላይ ታራሚ በይቅርታ ተለቀቀ፣ የቀረው ግን በር ተዘግቶበት ቀረ። ያን ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ደውሎ ያገኘ ሰው ያን ቀን አይጣላም። ያጣ ሰው በትንሽ ነገር ይደባደባል። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ ተረኛ ሆኜ ነው ያየሁት።

በሕግ የተመረቀ፦
ሕጉን ላስታውስ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 2 በጥበቃ ሥር ያለና የተፈረደበት ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝም እንዲጎበኝም ዕድል ይሰጠዋል። ልብ በሉ፣ መገናኘት እና መጎብኘት ሁለት ነገር ናቸው። «ይምጡና ይጠይቁት፣ ይበቃል» ማለት ግማሹን አንብቦ መተው ነው።

የማንዴላ ደንቦች የሚባሉም አሉ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንጆች 2015 ያጸደቃቸው። ደንብ 58 በደብዳቤና በጥየቃ ብቻ ሳይሆን ባለበት ቦታ በስልክና በኤሌክትሮኒክስም እንዲገናኙ ይላል፣ አስፈላጊው ቁጥጥር እየተደረገ። ደንብ 59 በተቻለ መጠን ታራሚው ለቤቱ ቅርብ ይሁን ይላል። ደንብ 43 ደግሞ ቤተሰብን እንዳያገኝ መከልከልን ቅጣት አታድርጉት ይላል። ግን የደብረ ሲናውን ወንድም የሚመለከት ነገርም እዚያው አለ። ለጸጥታና ለሥርዓት የግድ ሲሆን የመገናኛው መንገድ ለተወሰነ ጊዜ ሊጠብ ይችላል። ያስፈራራውን ሰው ስልክ ገድቡበት፣ የሌላውን አትንኩ ማለት ነው። ደንቦቹ እንደ አገር ሕግ አስገዳጅ አይደሉም፣ መለኪያ ግን ናቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦
እኔ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው፣ ቁርስ ቤት አለኝ። እዚህ የፌዴራል ማረሚያ ቤት ስላለ ከሩቅ አገር የሚመጣ ጠያቂ በየቀኑ አያለሁ። ከአዲስ አበባ ብቻ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያም ማዶ የሚመጣ አለ። ደገኞቹን በጋቢያቸው አውቃቸዋለሁ። ከጣርማበር ቁልቁል ወርደው ሙቀቱ ሲመታቸው ጋቢያቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ይይዙታል። አንዷ እናት ሻይ እንኳ አልጠጣ ብላኝ ነበር፣ ለልጄ ካልሲ እገዛበታለሁ ብላ። በነፃ ሰጠኋት።

ስልክ ይፈቀድ፣ እሺ። ግን እባካችሁ ስልክ አለ ተብሎ ጥየቃው እንዳይላላ። በሶና ዳቦ ቆሎ በስልክ አይላክም። የሚታመም ልጅ በስልክ «ደህና ነኝ» ይላል፣ በአካል ያየችው እናት ግን ከአንገቱ መቅጠን ታውቃለች። ደግሞ ጠያቂ ያለው ታራሚ በሌሎቹ ዘንድም ይከበራል ይሉኛል። ሰው እንዳለው ይታያላ።

ከአንኮበር ልጅ፣ አሜሪካ፦
የሸዋ ሮቢቷ እህት ያነሳችው ፍርሃት እዚህ ደርሷል። በብዙ የካውንቲ እስር ቤቶች ቪዲዮ ሲገባ የፊት ለፊት ጥየቃው ተዘጋ። ቤተሰብ እዚያው ሕንፃ ድረስ መጥቶ ልጁን በስክሪን አይቶ ይመለሳል። ደግሞ ስልኩን የሚያቀርቡት የግል ድርጅቶች ናቸው፣ ደቂቃው ውድ ነበር፣ ከፋዩም እስረኛው ሳይሆን እናቱ ናት። ማርታ ራይት የሚባሉ የዋሽንግተን አያት የልጅ ልጃቸውን ለማነጋገር የሚከፍሉት ሲያስመርራቸው በፈረንጆች 2000 ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ክስ መሠረቱ። የእስር ቤት ጥሪ ዋጋ እንዲገደብ የሚያስችለው፣ በስማቸው የተጠራው ሕግ የተፈረመው በ2023 ጥር ነው። እሳቸው አልደረሱበትም፣ በ2015 አርፈዋል። በ2021 ኮኔቲከት ከግዛቶቹ ቀድማ የእስር ቤት ጥሪ ነፃ እንዲሆን ሕግ አወጣች።

ይሄን የምለው አሜሪካን ለማድነቅ አይደለም። እኛ ገና ከመጀመራችን ሁለት ነገር አጥብቀን እንያዝ ለማለት ነው። አንደኛ፣ ቪዲዮው የጥየቃው ምትክ አይሁን። ሁለተኛ፣ በታራሚ እናት ላይ ማንም አያትርፍ።

ከሞላሌ፦
ቪዲዮ ቪዲዮ ትላላችሁ። መንዝ ውስጥ ስንት እናት ናት ስማርት ስልክ ያላት? የኔ እናት ያላት ባትሪ ያላት ትንሿ ስልክ ናት፣ እሷንም ቻርጅ የምታስደርገው ገበያ ስትወጣ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ስንት ጊዜ ጠፍቶ እንደከረመ ሁላችንም የምናውቀው ነው። መንገድ ሲዘጋም መኪና የለም። ያን ሰሞን በአካል መጠየቅም ቪዲዮም አልነበረም። ያለው ድምፅ ብቻ ነበር፣ እሱም ኔትወርክ ሲፈቅድ። ስለዚህ ድምፁን አስተካክሉልን፣ ቪዲዮው ይቆየን።

ባሏ የታሰረባት፣ ደብረ ብርሃን፦
የሞላሌው ወንድም፣ ለኔ ግን ቪዲዮው አይቆይም። ልጄ አባቷ ሲታሰር የስምንት ወር ልጅ ነበረች፣ አሁን አራት ዓመት ሊሆናት ነው። በስልክ ሲያናግራት ከጀርባዬ ትደበቃለች። ድምፅ ብቻ ለሕፃን ምንም አይደለም፣ ከሳጥን ውስጥ የሚናገር ሰው ነው የሚመስላት። አንድ ጊዜ ይዣት ሄድኩ። ሰልፉና ፍተሻው አስለቀሳት፣ አጥሩ ጋ ስንደርስ ደግሞ የትኛው ሰው አባቷ እንደሆነ ለየት አድርጋ ማየት አልቻለችም። የጎረቤት ልጆች «አባትሽ የታለ?» ሲሏት ስልኬን ነው የምታሳያቸው። በሳምንት አምስት ደቂቃ ፊቱን ብታይ፣ ሲስቅላት ብታይ፣ በወጣ ቀን አትሸሸውም ነበር። እኔ የምፈራው ያን ቀን ነው።

ከሞላሌ፦
እህቴ ይቅርታሽን። ስለ ሕፃናቱ አላሰብኩም ነበር።

በሕግ የተመረቀ፦
አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፍርድ ቤቶቻችን ራቅ ያለ ተከራካሪን በፕላዝማ ሲያዳምጡ ቆይተዋል። ለክርክር የተቻለው ለእናት ለምን አይቻልም? ወረዳው ከተማ ላይ አንድ ክፍል ይኑር። የመንዝ እናት ገበያ በወጣችበት ቀን በመታወቂያዋ ገብታ ልጇን አይታ ትመለስ። ስማርት ስልክ አያስፈልጋትም። ማን እንዳነጋገረ ስለሚታወቅም የደብረ ሲናው ወንድም የሚፈራው ነገር አይገባበትም።

የቀድሞ የማረሚያ ፖሊስ፦
ይሄ ያስኬዳል። የኔን ልጨምር። ታራሚው የሚደውልላቸው ሰዎች ቁጥር በቀበሌ ይረጋገጥ። የተጎጂ ቤተሰብና የምስክር ቁጥር የተከለከለ ተብሎ ይመዝገብ። ለየዞኑ ቀን ይመደብ፣ ስልኩም ይብዛ። ለሦስት መቶ ሰው አንድ ስልክ ከሆነ ካቦው፣ የታራሚዎቹ አለቃ ማለት ነው፣ የወደደው ብቻ ነው የሚደውለው። በድብቅ ስልክ ያስፈራራ ሰው ደግሞ በወንጀል ይጠየቅ፣ ዝም ተብሎ ሌላ ክፍል አይዛወር።

ከደብረ ሲና፦
ለምስክራችን ከተደወለለት በኋላ አቤት ብለን ነበር። ያገኘነው መልስ «እናጣራለን» ነው። እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እናንተ ስለ ታራሚ እናት አንድ ሺህ ቃል ጻፋችሁ፣ ጥሩ ነው። ግን ለኛ ማን ይደውልልን? የስልክ ሥርዓት ሲወጣ ተጎጂም ይጠየቅ። ቁጥሬን ልስጥ፣ ይከልከልልኝ። ሰውዬው ሲፈታ ይነገረኝ፣ በድንገት ገበያ ላይ አላግኘው። እነዚህ ከተሟሉ እናትሽ በየሳምንቱ ልጇን ብታነጋግር አልቃወምም። የእናት ነገር ያው ነው።

የመንዟ እህት፦
ወንድሜ፣ ይሄን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ስጽፍ አንተን አላሰብኩህም ነበር። ያልካቸው ሁለቱም ልክ ናቸው። ወንድሜ የበደላቸው ሰዎችም አሉ፣ እነሱም የሱን ድምፅ መስማት አይፈልጉ ይሆናል። ቁጥራቸው ይከልከልላቸው፣ እኔ ራሴ ነኝ የምለው። ፖሊስ ይስማ፣ ይመዝገብ፣ አምስት ደቂቃ ይሁን። ቀኑ ብቻ ይታወቅ። እናቴ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት አትሄድም።

የሸዋ ሮቢቷ እህቴም እውነቷን ነው። ሄጄ ባየው ነው ባለፈው ጊዜ እጁ ማበጡን ያወቅኩት፣ በስልክ አንድም ቀን አልነገረኝም።

ከሸዋ ሮቢት፦
መቼ ነው የምትሄጂው?

የመንዟ እህት፦
ሐሙስ። ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ወጥቼ በሶውን ይዤ መጥቻለሁ። ድምፄን በስልክሽ ቅጂልኝና አሰሚው አለችኝ። ስልክ በር ላይ ይቀራል አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ የምትለውን ነገረችኝ፣ ብዙ ነው። አንድም ቃል እንዳልጥል ሁለቴ አስደገመችኝ።