ለብዙ ቀን የተራራ ጉዞ የቆዳ ጫማ፦ ከሁለቱ የቱን ልውሰድ?

ዳገት_ወጪ
ሰላም ለሁላችሁ። ከ12 እስከ 15 ኪሎ ተሸክሜ አራት አምስት ቀን የምጓዝበት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ፈልጌ ሁለት አማራጭ ይዣለሁ። አንደኛው ኑቡክ (ፊቱ በስሱ የተሸረፈ ቆዳ) ነው፤ ውስጡ ሜምብሬን የሚባለው ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን አለው፤ ሶሉ በማስቲሽ የተጣበቀ ነው። ሁለተኛው ወፍራም ቆዳ፣ ገበሩም ቆዳ፣ ሶሉ ዙሪያውን የተሰፋ ነው፤ ጥንዱ በ400 ግራም ይከብዳል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የእግሬ ፊት ሰፊ፣ ተረከዜ ቀጭን ነው። የትኛው ይበረክታል? ሱቅ ውስጥስ ምን ላረጋግጥ?

መርፌና_ወስፌ
የተሰፋ ስለተባለ ብቻ አትመን። በሶሉ ጠርዝ ዙሪያ የሚታየው ክር አንዳንዴ ለጌጥ ብቻ የተደረገ ነው። ጠርዙን በጣትህ ገለጥ አድርገህ እይ፦ ክሩ ጠርዙንና የመሃለኛውን ሶል (ከታችኛው ጎማ በላይ ያለውን ንብርብር) አንድ ላይ ይዞ ከዘለቀ እውነተኛ ስፌት ነው፤ ጎማው ላይ የተቀረጸ ከመሰለ ግን ጫማውን የያዘው ማስቲሹ ነው። እውነተኛ ስፌት ያለው ጫማ የታችኛው ጎማ ሲያልቅ ቆዳው ሳይነካ ጎማው ይቀየራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜም ሊቀየር ይችላል። የተጣበቀውም አይቀየርም ማለት አይደለም፤ ግን ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያና መጭመቂያ ማሽን ይፈልጋል።

ወደ ቆዳው ስንመጣ፣ ለአንተ ሸክም ከ2.4 እስከ 2.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። በአውራ ጣትህ ጫን በለው። ያልተፋቀ ሙሉ ቆዳ ደቃቅ መስመር ያወጣና ስትለቀው ይመለሳል። ፊቱ ተፍቆ ፕላስቲክ የተቀባ ከሆነ ግን ሽብሽቡ ወፈር ያለና አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ያ ሽፋን ደግሞ እግር በሚታጠፍበት ቦታ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ይላጣል። ኑቡክ ከዚህ ይለያል፤ ሙሉ ቆዳ ሆኖ ፊቱ በስሱ የተሸረፈ ስለሆነ ጥንካሬው ብዙም አይቀንስም።

የስፌት ብዛትም ቁጠር። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ውሃ የሚገባበትና ክር በድንጋይ የሚፋቅበት ቦታ ነው። ከአንድ ቁራጭ ቆዳ ተሠርቶ ተረከዙ ጋ ብቻ የተገጠመ ብታገኝ እሱን ምረጥ። ምላሱ በሁለቱም ጎን እስከ ላይ ድረስ ከጫማው ጋር የተያያዘ ይሁን፤ አለበለዚያ ጅረት ስትሻገር በዚያ በኩል ይሞላል።

ልኩን_ያዝ
የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ያልገጠመ ጫማ የቱንም ያህል ቢበረክት ዋጋ የለውም። አንተ ደግሞ ፊትህ ሰፊ፣ ተረከዝህ ቀጭን ስለሆነ ምርጫው እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው።

ከሰዓት በኋላ ሂድ፤ ያን ጊዜ እግር ትንሽ ያብጣል። የምትጓዝበትን ወፍራም ካልሲ ይዘህ ሂድ። በመጀመሪያ የውስጡን ንጣፍ አውጥተህ ቁምበት፦ የእግርህ ጎን ከንጣፉ ጠርዝ ከፈሰሰ ያ ጫማ ጠባብ ነው። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ክር ሳታስር ጣቶችህ ፊቱን እስኪነኩ እግርህን ወደ ፊት ግፋ፤ ከተረከዝህ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

አስረህ ደግሞ ተዳፋት ላይ ወደ ታች ውረድ፤ ተዳፋት ከሌለ የእግርህን ጣት ወለሉ ላይ ጠንከር አድርገህ መታ መታ አድርግ። ጣትህ ፊቱን ከነካ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ጥፍርህ ይጠቁራል። ቆዳ በወርድ ትንሽ ይለጠጣል፣ በርዝመት ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ «ይለቃል» ቢሉህ አጭሩን አትግዛ።

ተረከዝህ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል አትፍራ፤ አዲስ ሶል ግትር ስለሆነ ነው፣ መታጠፍ ሲለምድ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ውሃ ይቋጥራል። ከመተውህ በፊት ግን ክሩን ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘህ ቆልፈውና ድገመው፤ እንዲህ ሲደረግ ታችኛው ላላ ብሎ ለሰፊው ፊትህ ቦታ ይሰጣል፣ ላይኛው ተረከዙን ይይዛል። በመጨረሻ ጫማው የሚታጠፍበት መስመር የት እንደሚያርፍ እይ። የጣቶችህ ሥር ላይ መሆን አለበት። ጣቶችህ ላይ ካረፈ በመልመድ አይስተካከልም።

ደረቅ_እግር
ስለ ሜምብሬኑ የሚነገረው ግማሹ ብቻ ነው። አዲስ ሲሆን ዝናብና ጠል በደንብ ይመክታል። ግን በአንገቱ በኩል አንዴ ውሃ ከገባ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ሙቀት ላይ ላብ ይይዛል፤ ጫማው በሚታጠፍበትም ቦታ ከጊዜ ብዛት ይቀደዳል። ቆዳው ገና ደህና ሆኖ ሽፋኑ ሊሞት ይችላል። በበረዶና በጭቃ ለሚሄድ ሰው ይረዳዋል። ለሌላው በሰም በደንብ የተያዘ ወፍራም ቆዳ እመርጣለሁ። ሰሙን ግን በስሱ፤ ቅባት የበዛበት ቆዳ ይልፈሰፈሳል፣ ቁርጭምጭሚት መደገፉን ይተዋል።

ሲረጥብ እሳት ዳር አታስቀምጠው። እርጥብ ቆዳ ሲግል ይኮማተርና ይደርቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ንጣፉን አውጣ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፣ ጋዜጣው ሲርስ ለውጥ።

ዳገት_ወጪ
አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁለተኛው ጫማ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ነው፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ ብሎኛል። አንድም ቀን አልተደረገም። ችግር አለው?

መርፌና_ወስፌ
ሊኖረው ይችላል። የመሃለኛው ሶል ከምን እንደተሠራ ጠይቅ። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ከሆነ ሳይደረግም የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል፣ በተለይ ሙቅና እርጥብ ቦታ ታሽጎ ከቆየ። ስፌቱም አያድነውም፤ ክሩ የያዘው ነገር ራሱ ነው የሚፈርሰው። የተመረተበትን ቀን ከምላሱ ውስጥ ካለው ምልክት ፈልግ። ሶሉን በጥፍርህ ጫን፦ ከተሰነጠቀ፣ ካጣበቀ ወይም ዱቄት ከለቀቀ ተወው። መሃለኛው ሶል ጎማ ወይም ቆዳ ከሆነ ግን ይህ ስጋት የለበትም፤ ተረከዝህን ከያዘልህ ውሰደው። ከገዛህ በኋላ ለሳምንት ያህል በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ቤት ውስጥ አድርገው፤ ከዚያ ባዶህን 5 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ ከነሸክምህ 10 ሂድበት። ውሃ ውስጥ ነክረህ እግርህ ላይ አድርቀው የሚሉህን አትስማ።