ለኦቨርክሎክ የሚሆን ግራፊክስ ካርድ፦ 3060 ወይስ 6600?

ሸገር ሬንደር፦ ሰላም ናችሁ? ወንድሜ በሚቀጥለው ሳምንት ከዱባይ ይመጣል፤ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 3060 እና የኤኤምዲው አርኤክስ 6600 ላይ ደርሼ መወሰን አቃተኝ። ፓወር ሰፕላዬ 550 ዋት ነው። ቀን በብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም) የሕንፃ ዲዛይን እሠራለሁ፣ ማታ ጌም እጫወታለሁ። ኦቨርክሎክ ላደርገው (ፍጥነቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ልጨምርለት) ስለሆነ የቱ ይሻለኛል? ሳጥኑ ላይ «ኦሲ» የሚለውንስ ልምረጥ?

ጥገና ቤት፦ እህቴ፣ «ኦሲ» ማለት ፋብሪካው ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ አድርጎታል ማለት ነው። እሱን አንቺም አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ታደርጊዋለሽ፤ ለዚያ ብለሽ ተጨማሪ ብር አትክፈይ። ዋናው ማቀዝቀዣው ነው። ባለ አንድ ፋን አጫጭር ካርዶች ቶሎ ይግላሉ፤ ሲግሉ ደግሞ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ኦቨርክሎኩም ከንቱ ይቀራል። ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ፋን ፈልጊ። ስለ ኃይል አትጨነቂ። 3060 በመደበኛው 170 ዋት፣ 6600 ደግሞ 132 ዋት ነው የሚበላው። ማዘርቦርዱ 75፣ ባለ 8 ፒኑ ገመድ 150 ዋት ይሰጣል። ፓወር ሰፕላይሽ ደህና ሥሪት ከሆነ ለሁለቱም ይበቃል።

ፖሊጎን፦ ብሌንደር ካልሽ 3060 ውሰጂ፣ ምንም አታመንቺ። ሬንደር (ሞዴሉን ወደ ምስል መቀየር) የሚያፋጥነው ኦፕቲክስ የሚሠራው ኤንቪዲያ ላይ ብቻ ነው፤ ሬንደር ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ደግሞም ኦቨርክሎክ ፍጥነት እንጂ የሜሞሪ መጠን አይጨምርም። ዛፍና ሣር የሞላበት ግቢ ስትሠሪ 8 ጊጋ ወዲያው ነው የሚሞላው። 6600 ደግሞ 8 ነው። ግን አደራ፣ ባለ 8 ጊጋ 3060ም አለ! የሜሞሪ መስመሩ ከ192 ቢት ወደ 128 የወረደ ስለሆነ ጌም ላይም ይደክማል። ባለ 12ቱን ብቻ።

ሸገር ሬንደር፦ ተባረኩ። ማይኒንግ (የዲጂታል ገንዘብ ቁፋሮ) ሲሠራበት የቆየ ቢሆንስ?

ጥገና ቤት፦ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2015 ላይ በካርድ መቆፈሩን ስላስቀረ ብዙ የማይኒንግ ካርድ ገበያ ወጥቷል። ሁሉም ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ፋኑና ቴርማል ፓዱ (ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ስስ ንጣፍ) ግን ያልቃሉ፤ እነሱ ይቀየራሉ። ወንድምሽ ብር ሳይከፍል ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ከፍቶ 12 ጊጋ እና 192 ቢት መሆኑን ያረጋግጥ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ጌም ያስኪድበት። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የተቆራረጠ ቀለም ካየ ጥሎት ይውጣ።

ፖሊጎን፦ ካርዱ ሲገባልሽ ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፣ በየደረጃው ፈትሺ። የምታገኚው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቂ። ለሬንደር ግን ኦቨርክሎኩን አጥፊው። ጌም ቢዘጋብሽ መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ፤ የሌሊት ሬንደር መሃል ላይ ከቆመ ጠዋት ለደንበኛሽ የምታሳዪው የለም። ለሥራ አንደርቮልት (የካርዱን ቮልቴጅ ትንሽ መቀነስ) ይሻላል፦ ሙቀቱም የፋን ጩኸቱም ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ብዙም አይነካም። አፍተርበርነር ላይ ሁለቱንም ለየብቻ ሴቭ አድርጊያቸው፣ 1 ለጌም፣ 2 ለሬንደር።

ሸገር ሬንደር፦ በቃ፣ ባለ 12 ጊጋ 3060፣ ቢያንስ ሁለት ፋን ያለው። ለወንድሜ አሁኑኑ እልክለታለሁ።