የ1983 ዓ.ም. የኮሌጅ ቡድን ውጤት፦ ያልተደረጉት አራት ግጥሚያዎች እንዴት ይመዝገቡ?

የመምህሩ ልጅ (ካራ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በነበረ አነስተኛ ኮሌጅ የስፖርት መምህር ነበሩ። ባለፈው ዓመት ካረፉ በኋላ ከሣጥናቸው ውስጥ የኮሌጁን እግር ኳስ ቡድን የ1983 ዓ.ም. መዝገብ አገኘሁ። መዝገቡ ተራ የተማሪ ደብተር ሲሆን፣ በግራው ገጽ የግጥሚያዎቹ ውጤት፣ በቀኙ ደግሞ የዕቃው ወጪና ገቢ ሰፍሮበታል፤ ኳሱ ስንት ጊዜ እንደተሰፋ እንኳ ሳይጻፍ አልቀረም። ቡድኑ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሰባት ጊዜ ተጫውቶ አራቱን አሸንፏል። ከዚያ በታች አራት ግጥሚያዎች ከነተጋጣሚዎቻቸው ተዘርዝረው የውጤቱ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። በዕቃው ገጽ ላይ አሥራ አራት ማሊያ ወጪ ሆኖ፣ በቁጥር 6 እና በቁጥር 11 አንጻር «አልተመለሰም» የሚል ቃል ብቻ ተጽፏል።

የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች ለሚያዘጋጁት መጽሔት ውጤቱን በሠንጠረዥ እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ አራቱ ግጥሚያዎች በፎርፌ ይመዝገቡ ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ያልተፈጸመ ውድድር ውድድር ስላልሆነ ዓመቱ ጨርሶ ይዘለል ይላሉ። አባቴ ባዶ የተዉትን መሙላትም፣ የሞሉትን መሰረዝም ከበደኝ። ዘመኑን የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የኋላ መስመር፦

ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ በገነት ያኑርልን። በዚያ ዓመት የሁለተኛ ዓመት ተማሪና የቡድኑ ተከላካይ ነበርኩ። ሜዳችን ከኮሌጁ አጥር ውጭ፣ የሰፈሩ ከብት የሚሰማራበት መስክ ነበር። ግቡ ከባሕር ዛፍ አጠና የተሠራ ሲሆን፣ አባትሽ በግጥሚያ ቀን ጧት ከሁላችን ቀድመው ይመጡና ከተማሪዎች ወጥ ቤት ባስመጡት አመድ መስመሩን በእጃቸው ያሰምሩ ነበር። ታኬታ የነበረን አምስት ወይም ስድስት ብንሆን ነው፤ የቀረው በሸራ ጫማ ይጫወታል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ በሬዲዮ የሰማን ወጣቶች ስለነበርን፣ በዚያ መስክ ላይም ብንሆን ኳሱን እንደ ዋዛ አልያዝነውም።

ጦርነቱ እየቀረበ እንደነበር እናውቃለን። ምጽዋ ከተያዘች ዓመት ሆኗት ነበር፤ በየካቲት 1983 ደግሞ የጎጃምና የጎንደር ግንባር ተናጋ። ከዚያ አገር የመጡ ጓደኞቻችን ከቤተሰብ ደብዳቤ ስለተቋረጠባቸው ልምምድ ላይ ቆመው ይተክዙ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ተቋረጠና የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ሲዳሞ፣ ብላቴ ተላክን። ስምንተኛው ግጥሚያ ያልተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ተጋጣሚዎቻችንም ያው ተማሪዎች ስለነበሩ፣ ልንገጥማቸው ከነበሩት ልጆች ጋር በአንድ ሰልፍ ቆመን ቁርስ ተቀብለናል።

ቁጥር 6 እኔ ነኝ። ማሊያውን ሳላስፈቅድ በሻንጣዬ ይዤ ሄድኩ። ግንቦት 13 ቀን ፕሬዚዳንቱ ከአገር ወጡ ሲባል ካምፑ ፈረሰ፤ ብዙዎቻችን ወደ ደቡብ አቅንተን በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባን። ማሊያውን ከፀሐዩ የተነሣ ራሴ ላይ ጠምጥሜው ነበር፤ መንገድ ላይ የአንድ ጓደኛችን እግር ሲቆስል ቀድጄ አሰርኩለት። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ለአባትሽ ልነግራቸው ሄጄ አልቻልኩም፤ እሳቸውም ስለ ማሊያ አንድም ቃል አላነሡብኝም፤ «በልተሃል?» ብቻ አሉኝ። ቁጥር 11 ግን ከኬንያ ሌላ አገር ሄዶ በዚያው ቀረ።

መዝገብ ቤት፦

እኅቴ፣ በሙያዬ ከአሮጌ መዛግብት ጋር ስለምውል አንድ ነገር ላክል። ፎርፌ የሚባለው አንዱ ቡድን ሜዳ ላይ ተገኝቶ ሌላው ሲቀር ነው። እዚህ ግን የቀረም የተገኘም ቡድን የለም፤ ስለዚህ ፎርፌ ብሎ መጻፍ በአንደኛው ወገን ላይ የሌለበትን ጥፋት መለጠፍ ይሆናል። ዓመቱን መዝለሉም የባሰ ይመስለኛል። የእንግሊዝ ሊግ በ1939 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲታወጅ ገና ሦስት ዙር ተጫውቶ ተቋረጠና የእነዚያ ጨዋታዎች ውጤት ከይፋዊው መዝገብ ተሰረዘ። ለትልቅ ሊግ ይህ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ ሌላ ደብተር ለሌለው ቡድን ግን መሰረዝ ማለት ልጆቹ አልተጫወቱም ማለት ነው። ሰባቱን ከነውጤታቸው፣ አራቱን «አልተደረገም» ብለሽ ጻፊ፤ ምክንያቱንም ከግርጌው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሪ። የዚያን ወቅት የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ዕትሞች ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄደሽ ብታገላብጪ፣ ቀኖቹን ከአገሩ ሁኔታ ጋር ለማገናዘብ ይረዳሻል። ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ ማንሣትም አይዘንጋሽ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከዓመት ዓመት ይደበዝዛል።

የመምህሩ ልጅ (ካራ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን በተመከርኩት መሠረት አዘጋጃለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩኝን አንብቤ ወደ ደብተሩ ስመለስ፣ አባቴ ለጠፋ ኳስም ሆነ ለተሰበረ ፊሽካ የተጠያቂውን ተማሪ ስምና የሚከፍለውን ገንዘብ የሚጽፉ ሰው ሆነው ሳለ በእነዚያ በሁለቱ ማሊያዎች አንጻር ስምም ዋጋም እንዳልጻፉ አሁን ገና አስተዋልኩ። ፈቃድዎ ከሆነ በሚመጣው ቅዳሜ ደብተሩን ይዤ እርስዎ ዘንድ ልምጣና የአሥራ አንዱን ተሰላፊዎች ስም ይንገሩኝ።