ለአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ቡድኖች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ
ባለፈው እሑድ አራት ኪሎ ስንገናኝ እንደተስማማነው እያንዳንዳችን በየፊናችን ለአጥኚዎች መጻፋችንን ትተን ማኅበሩ አንድ የጋራ ሐሳብ ያቀርባል። መነሻ ረቂቁ ይኸው፦ «የማኅበራችን አባላት በአገር ውስጥ በሚካሄዱ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮዎችና የመስክ ሥልጠናዎች መሳተፍ ይፈልጋሉ።» ማንን እንጠይቅ? መቼ እንጻፍ? ምን ይዘን እንቅረብ?

የአርኪዮሎጂ ተማሪዋ
ረቂቁ የእኛን ፍላጎት ብቻ ይናገራል። የቁፋሮ መሪ ግን የሚጨነቀው ጊዜው አጭር፣ ሥራው ብዙ ስለሆነበት ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ብዙ በማይርቀው የቁፋሮ ስፍራ በመልካ ቁንጡሬ፣ ስምቢሮ በተባለው ቦታ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቆጠረ የአፈር ንብርብር 578 የድንጋይ የእጅ መጥረቢያዎች ወጥተዋል፤ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ከባልጩት ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በቁፋሮ ሥራ ደግሞ አንድ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ያለበት ቦታና ጥልቀት ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይታጠባል፣ ይመዘገባል። የወጣውም አፈር በወንፊት ይነፋል። እኛ ልንሰጥ የምንችለው ይህንን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው «መሳተፍ እንፈልጋለን» ከማለት ይልቅ «እነዚህን ሥራዎች መሥራት እንችላለን» ብሎ ቢጀምር እመርጣለሁ።

የቅየሳ ባለሙያው
እስማማለሁ። በማኅበሩ ውስጥ የቅየሳ መሣሪያ የምንይዝ ሰዎች አለን፤ የግኝት ቦታዎችን መለካት በእኛ ላይ ይጻፍ። ሌላ ጥያቄም አለኝ። ኬንያ ውስጥ በቱርካና ሐይቅ ዳር የሚሰጠው የኮቢ ፎራ የመስክ ትምህርት ቤት ስመ ጥር ነው። በዕቅዱ ውስጥ ለምን አይገባም?

ገንዘብ ያዧ
በማኅበሩ ስም ባይገባ ይሻላል። የውጭ የመስክ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ክፍያቸውም ብዙ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። የማኅበሩ መዋጮ አንድ ሰው እንኳን አይልክም። የአሜሪካ አርኪዮሎጂ ተቋም ተሳታፊ የሚቀበሉ ቁፋሮዎችን ዝርዝር ያወጣል፤ ተማሪ አባላት ከዚያ እየመረጡ፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ያለበትን እየለዩ በግላቸው ያመልክቱ። ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላቸው።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር
ልጆቼ፣ ከሁሉ በፊት ሕጉ ይቅደም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ ቅርስ ፍለጋም ሆነ ጥናት ማካሄድ አይቻልም። ስለዚህ «ቁፋሮ እናካሂዳለን» የሚመስል አንድም ቃል በደብዳቤው ውስጥ እንዳይኖር። የምንጠይቀው ፈቃድ ባለው ቡድን ሥር፣ በመሪው ትእዛዝ ለመሥራት ነው። የግዴታ አንቀጽም ጨምሩ፦ አባላት በመንገዳቸው ያገኙትን ሸክላም ሆነ ድንጋይ አያነሡም፤ የግኝት ቦታን ፎቶም ያለ ቡድኑ ፈቃድ ለማንም አያሠራጩም። ከቦታው የተነሣ ስባሪ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ይህ ነገር ዕድሜ ልኬን ያሳዝነኛል።

የአርኪዮሎጂ ተማሪዋ
ጋሼ፣ የእርስዎ አንቀጽ በመጀመሪያው ገጽ ይግባ። የቡድን መሪዎችም መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንን ማረጋገጫ ይመስለኛል።

ሰብሳቢዋ
ተቀብያለሁ። መጀመሪያ ለማን እንጻፍ?

የቅየሳ ባለሙያው
ለመልካ ቁንጡሬ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁፋሮው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፈረንሳዮች፣ በኋላም በሮማው ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ በሚመራው የጣሊያን ቡድን ሲካሄድ ቆይቷል። 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሕፃናት ዱካ የተገኘው እዚያው ጎምቦሬ በተባለው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ባልጩት ከተባለው ስፍራ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው መንገድ ትንሽ አልፎ የጢያ ትክል ድንጋዮች ስላሉ ለአባላት የዝግጅት ጉብኝት ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።

ነርሷ
የአባቴ ቤተ ዘመድ በዚያ አካባቢ ስለሚኖር አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። ቁፋሮ ሲኖር የአካባቢው ሰዎች በቀን ሥራ ይቀጠራሉ፤ ያ ገንዘብ ለልጆች ደብተር፣ ለቤትም ጤፍ ይሆናል። ከአዲስ አበባ የሄድን በጎ ፈቃደኞች ወንፊቱን በነጻ ከያዝን ያንን እንጀራ እንነጥቃቸዋለን። የተማሪዋን ዝርዝር እንደገና እንየው። አፈር መንፋትና መሸከም ከዝርዝሩ ይውጣ፤ ልኬት፣ ምዝገባ፣ ማጠብና መለየት ግን በዝርዝሩ ይቆዩ። እኔ የመጀመሪያ እርዳታውን እይዛለሁ፤ እርዳታውም ለአካባቢው ሠራተኞች ጭምር ይሁን።

የአርኪዮሎጂ ተማሪዋ
ልክ ነሽ፤ ወንፊቱ ይውጣ። የቆይታው ነገርም ይወሰን። ለአንድ እሑድ ብቻ የሚመጣ ሰው አሠራሩን ሲለምድ ቀኑ ይመሻል፤ ለቡድኑም ሸክም ይሆናል። ወደ መስክ የሚሄድ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ይቆይ። ይህን የማይችል አምስት ኪሎ ይሥራ፤ በብሔራዊ ሙዚየም በኩል ግኝቶችን የመለየትና የመመዝገብ ሥራ እንዲሰጠን ለብቻ እንጠይቃለን።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር
እኔ አምስት ኪሎ ነኝ፤ ጉልበቴ ለገደል አይሆንም፣ ዓይኔ ግን ደኅና ነው። ጊዜውንም አስቡበት። በአገራችን አብዛኛው ቁፋሮ ክረምትን ይሸሻል፤ አፋር ላይ ደግሞ ሙቀቱ የሚበርደው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ቡድኖች ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት የሰው ዝርዝራቸውን ያዘጋጃሉና ደብዳቤያችን ከወራት በፊት ይድረሳቸው።

ሰብሳቢዋ
የተሻሻለው ረቂቅ፦

«ማኅበራችን ፈቃድ ባላቸው የምርምር ቡድኖች ሥር በልኬት፣ በምዝገባ፣ ግኝቶችን በማጠብና በመለየት፣ እንዲሁም በመጀመሪያ እርዳታ ሊያገለግሉ የሚችሉ አባላትን ያቀርባል። የመስክ አባላት ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ይቆያሉ፤ የምግብና የመጓጓዣ ወጪያቸውን ራሳቸው ይችላሉ። ለአካባቢው ነዋሪዎች በክፍያ በሚሰጥ ሥራ አይሰማሩም። ቡድኑ በምላሹ አባላቱን በሥራ ላይ እንዲያሠለጥን እንጠይቃለን።»

ገንዘብ ያዧ
«ወጪያቸውን ራሳቸው ይችላሉ» የሚለው ላይ «ከተማሪዎች በቀር» ይጨመር። የተማሪዎቹን ትራንስፖርት መዋጮው ይሸፍናል፤ አስልቼዋለሁ።