ጅማ ላይ ድምፁ የጠፋበት ሰው የት ይሂድ? ምንስ ይግዛ?

«እናቴ እንቅርት ኦፕራሲዮን ካደረገች አምስት ወሯ፣ ድምጿ አልመለስ አለ፤ ጅማ የት ልውሰዳት?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ በደንብ ልጻፍልሽ። መምህር ነኝ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ክፍል ገብቼ «ደህና አደራችሁ» ስል የወጣው ንፋስ ብቻ ነበር።

ገንዘብ የጨረስኩበትን ላስቀድም። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ፤ ጉሮሮዬን ውስጡ ድረስ ያየ ሰው ግን አልነበረም። የሚመጠጥ ከረሜላ፣ ዝንጅብል፣ ማር ሁሉንም ሞክሬያለሁ። የጅማ ማር አይታማም፣ በእንቅርት ኦፕራሲዮን የተጎዳ፣ የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ግን አይጠግንም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥቆማዬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ነው። በጠዋት ሂዱ፣ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ያዙ፣ «የድምፅ አውታሯ በካሜራ ይታይልን» በሉ። የእኔን ሲያዩት ቀኙ ይከፈታል ይዘጋል፣ ግራው ማጠፊያው እንደተሰበረ መዝጊያ ገለል ብሎ ቆሟል። ሁለቱ ካልተገናኙ ድምፅ የለም፤ ውኃም ትን ይላል። ያለ ምንም ኦፕራሲዮን ድምፁ ከወር በላይ የጠፋበት ደግሞ ደረቱንም ይታይ፤ የግራው ነርቭ ደረት ወርዶ ትልቁን የደም ቧንቧ ዞሮ ስለሚመለስ፣ እዚያ ያለ ዕጢ ሊጫነው ይችላል።

አሁን ሕክምናዎቹን ወደ ማወዳደሩ። ነርቩ ካልተቆረጠ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ራሱ ሊያገግም ይችላል፤ እናትሽ ገና አምስት ወሯ ነው፣ ለቋሚ ኦፕራሲዮን አትቸኩሉ። እስከዚያ ትንታው ካስቸገራት የሽባውን አውታር የሚያሳብጥ መርፌ አለ፤ ከራስ የተወሰደ ስብ ወይም ጄል ይወጋል። ጄሉ በወራት ውስጥ ይሟሟል።

ዓመት አልፎት ካልተመለሰ ነው ኦፕራሲዮኑ። በማንቁርቱ ልምአጥንት (እንደ ጆሮ ያለ ለስላሳ አጥንት) ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈትና ሽባው አውታር ወደ መሐል ይገፋል። ጃፓናዊው ኢሺኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳወቀው ወዲህ ብዙ ቦታ ለመግፊያ ሲሊኮን ይገባል። ከራስ ልምአጥንት መጠቀም ግን ከዚያም ይቀድማል፤ ፓየር የተባለ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 ሞክሮታል። እኔ የመረጥኩት ይህንን ነው። ከውጭ የሚገዛ ዕቃ የለበትም፣ ሰውነት ባዕድ ብሎ አይጣላውም፣ ከዚያው ቁስል ከማንቁርት የላይኛው ጠርዝ ይወሰዳል። እንከኑ፣ ዕድሜ ሲገፋ በተለይ የወንድ ልምአጥንት አጥንት ሆኖ ለመቅረጽ ያስቸግራል፤ ጥቂትም ሊመጠጥ ይችላል። አውታሩ ደግሞ መንቀሳቀስ አይጀምርም፣ ጓደኛው መጥቶ እንዲያገኘው ተጠግቶ ይቆማል እንጂ።

አንገቴ ብቻ ደንዝዞ ነቅቼ ነው የሠሩኝ። ሐኪሙ የባቄላ ክክ የምታህለውን ቁራጭ እያስገባ «ቁጠር» ይለኛል። አንድ፣ ሁለት... ሁሉም ንፋስ። ትንሽ ገፋ አደረጋት፣ «ስድስት» ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ነርሷ ሳቀች። እብጠቱ ትንፋሽ እንዳይዘጋ ብለው አሳደሩኝ።

ወደ አዲስ አበባ ከተላካችሁ ጥቁር አንበሳም ቅዱስ ጳውሎስም የዘርፉ ሐኪሞች አሏቸው። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሪፈር ሳትይዙ እንዳትነሱ፤ ጤና መድን ያላችሁ በተለይ።

ለእናትሽ እስከዚያው፦ ስትጠጣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ ታድርግ፣ ከውኃ ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላታል። ትንፋሿ እያጠረ ወደ ውስጥ ስትስብ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ሁለቱም አውታር ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ከገዛሁት ሁሉ የማይቆጨኝ ወገብ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ማይክ ነው። አሁን ቤት ተቀምጧል፤ የቻርጀሩ ገመድ ልል ነው እንጂ ይሠራል። ፈረንጅ አራዳ ነኝ፣ መጥተሽ ውሰጅላት።