ኦርጅናል ዲግሪሽን አስይዢ፣ ዋስም አምጪ ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። ሥራ ስፈልግ ቆይቼ ሰሞኑን አንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ለካሸርነት ፈትኖኝ «አልፈሻል» አለኝ። ውል ልፈርም ስሄድ የሚከተለውን የያዘ ወረቀት ሰጡኝ።

ኦርጅናል ዲግሪዬ ሥራ እስክለቅ ድረስ እነሱ ጋ ይቀመጣል። ደመወዙ ከእኔ የሚበልጥ ቋሚ ሠራተኛ ዋስ አመጣለሁ። የመጀመሪያው ወር «ሥልጠና» ስለሆነ ክፍያ የለውም። ከዚያ በኋላ ደመወዙ 7,000 ብር ነው። ሰዓቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ነው፤ ለምሳ አንድ ሰዓት አለ። ዓመት ሳይሞላኝ ከለቀቅኩ የ3 ወር ደመወዝ እከፍላለሁ።

«ዲግሪውን ላሳያችሁና ኮፒው ይቀመጥ» ብላቸው «ሌሎቹ ሁሉ አስይዘዋል፤ አንቺ ካልፈለግሽ የሚፈልግ ሞልቷል» አሉኝ። እናቴ ዝም ብለሽ ግቢ ትላለች። ዋስ ይሆነኛል ያልኩት አጎቴ ደግሞ ፈራ። መልስ የምሰጣቸው ሰኞ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ 1፦ በሰው ኃይል አስተዳደር የምሠራ

እህቴ፣ እንኳን ሳትፈርሚ ጠየቅሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ሠራተኛ ነው። ካሽ ሬጅስተር ላይ ተቀምጠሽ ደንበኛ እያስተናገድሽ ስሙ «ሥልጠና» ስለተባለ ብቻ ደመወዝ አይቀርም።

ሰዓቱን እንይ። ምሳው ሲቀነስ በቀን 11 ሰዓት፣ በሳምንት 66 ሰዓት ነው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ 18 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ትሠሪያለሽ ማለት ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው ትርፍ ሰዓት ግን በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። እኛ ቢሮ ወርሃዊ ደመወዝን የምናካፍለው ለ208 ሰዓት ነው። በ7,000 ብር ብታሰይው በየሳምንቱ ከ900 ብር በላይ ሳይከፈልሽ ሊቀር ነው። በወር ስንት እንደሚሆን አንቺው አስይው፤ አካውንታንት ነሽ።

የ3 ወሩ ቅጣት ደግሞ አያስፈራሽ። በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ትለቂያለሽ። ሳታስጠነቅቂ ብትለቂ እንኳ የምትከፍይው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም።

መልስ 2፦ ዲግሪው ተይዞበት የነበረ

ስለ ሕጉ ከላይ ያለው ሰው ተናግሯል። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የሰጠኋቸው ኦርጅናል ዲግሪዬንና ትራንስክሪፕቴን ነበር። የተሻለ ሥራ አግኝቼ መልቀቂያ ሳስገባ «ርክክብ ይጠናቀቅ» አሉ። ርክክቡ አለቀ። ከዚያ «ቁልፉ ያለው ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ክፍለ ሀገር ነው» ተባለ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ኦርጅናሉን አይቶ ኮፒውን ማገናዘብ ይፈልግ ነበር። ሲዘገይ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ዲግሪዬን ሳገኘው በፓንች ተበስቶ ቦክስ ፋይል ውስጥ ከደረሰኝ ጋር ታስሮ ነበር። ቀዳዳዎቹ የዩኒቨርሲቲው ስም ላይ ናቸው።

ግድ መስጠት አለብኝ ካልሽ እንኳ «ዲግሪዋን በዚህ ቀን ተረክበናል» የሚል፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ሳትይዢ እንዳትሰጪ። እኔ ጠይቄ «አታምነንም?» ተብያለሁ። እነሱ አንቺን ቢያምኑ ዲግሪሽን አይይዙም ነበር።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ

ስለ አጎትሽ ልጨምር። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ግን መፍትሔ አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በቁጥር 1922 ደግሞ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ፎርም እንዳይፈርም። «እስከ ይህን ያህል ብር ድረስ» የሚል ቁጥር በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ። የጊዜ ገደብም ይኑረው። የሚፈርመውን ኮፒ ይያዝ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ብዙ አሠሪዎች ከዋሱ መሥሪያ ቤት «ለሌላ ሰው ዋስ አልሆነም» የሚል ደብዳቤ ያስመጣሉ። አጎትሽ ለአንቺ ከፈረመ ነገ የራሱ ልጅ ዋስ ሲያስፈልጋት ላይችል ይችላል። ለዚህ ሥራ ብሎ ያንን ዕድል ማጥፋት ይገባው እንደሆነ በቤተሰብ ተነጋገሩ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዋስ መጠየቃቸው ራሱ ሕገ ወጥ ነው ማለት ነው? ደግሞ ይሄን ሁሉ ብነግራቸው «ጠበቃ ሆነሽ ነው የመጣሽው?» ብለው ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ 4፦ የሱቅ ባለቤት

ልጄ፣ እኔ ሰው ቀጥሬ የማሠራ ነኝና ከዚህኛው ወገን ልንገርሽ። ገንዘብ ለሚይዝ ሰው ዋስ መጠየቅ ያለና የተለመደ ነገር ነው። ገንዘብ ይዞ የጠፋብኝ ሠራተኛ ስላለ እኔም እጠይቃለሁ። ዲግሪ ግን ይዤ አላውቅም። ዲግሪ የጎደለ ገንዘብ አይተካም፤ ልጅቷን ብቻ ነው የሚያስረው። ኦርጅናሉን አያለሁ፣ ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ብዬ ፈርሜ ማኅተም አደርጋለሁ፣ ኦርጅናሉን እዚያው እመልሳለሁ።

ገንዘብ ጎደለ ብለው ከአንቺ ጋር እንዳይጣሉ ከፈለግሽ ሥራ በምትጀምሪበት ቀን ካዝናው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ ይፈረምልሽ። ማታም ሂሳብ ስትዘጊ የሚረከብሽ ሰው እየቆጠረ ይፈርም። ይሄን እምቢ የሚል አሠሪ ነገ ጉድለቱን በአንቺ ላይ ይጥላል።

ስትነጋገሪ ሕጉን አታስቀድሚ። «ሥራውን እፈልጋለሁ፣ ዋስም አመጣለሁ፤ ዲግሪዬን ግን ለሌላ ጉዳይ ስለምፈልገው ኮፒው ይገናዘብ» በይ። ያልተከፈለውን ወርና ሰዓቱንም በጽሑፍ እንዲያስተካክሉ በትሕትና ጠይቂ። ጥሩ ሠራተኛ የሚፈልግ ከሆነ ይደራደራል።

መልስ 1፣ በድጋሚ

የሱቁ ባለቤት ባሉት እስማማለሁ፤ ዋስ መጠየቅ በራሱ ችግር የለውም። አንድ ልጨምር። የጽሑፍ ውል አንሰጥም ቢሉሽም ገብተሽ ከሠራሽ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ ሊሰጡሽ ይገባል። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር መዝግቢ። ክርክር ቢነሳ ይጠቅምሻል። ደመወዝ ቢከለክሉሽ በምትሠሪበት ክፍለ ከተማ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ማመልከት ትችያለሽ፤ ካልተፈታ የሥራ ክርክር ችሎት አለ።

ጠያቂዋ

ገባኝ። ሰኞ ኦርጅናሉን አስይዤ ሳይሆን አሳይቼ ኮፒውን እሰጣቸዋለሁ። ለአጎቴ የዋስትናውን ጉዳይ አነበብኩለት፤ እስከ 20,000 ብር ተብሎ በቁጥር ከተጻፈ እፈርማለሁ ብሏል። ያለ ክፍያ አንድ ወር የሚለውን ካላነሱ አልገባም። እናቴንም አስረድቻታለሁ፤ የትርፍ ሰዓቱን ሂሳብ ስታይ ተቆጥታለች። ያሉኝን ሰኞ ማታ እጽፍላችኋለሁ።