አይጥን በቆለጥ ካንሰር ማስያዝ ልክ ነው?

አወያይ፦ ሰላም የደሴ ልጆች፣ ኮምቦልቻና ሐይቅም ያላችሁ! የዛሬው ክርክር፦ የቆለጥ ካንሰርን ለማጥናት ታማሚ አይጥ ማራባት ተገቢ ነው? ማፈር የለም።

የሐይቋ ልጅ፦ በጭራሽ። እንዲታመም ብሎ ፍጡር ማራባት ግፍ ነው ወላሂ። ለሰውስ ምን ጠቀመ?

ፋርማሲስቱ፦ ጠቅሟል እንጂ እህቴ። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ዕጢ እንደሚያጠፋ እ.ኤ.አ. በ1969 የታየው በአይጥ ነው። በ1974 አይንሆርን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ለቆለጥ ካንሰር ሰጠው። በፊት ከተሰራጨ አለቀ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ይድናል።

የሐይቋ ልጅ፦ እነዚያ አይጦች የነበረባቸው ሌላ ዕጢ ነው እኮ። ክርክራችን ስለ ቆለጥ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ እሱስ ያዝሽኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ እኔ ልግባ። በ1953 ስቲቨንስ የተባለ ተመራማሪ ስለ ሲጋራ ሲያጠና 129 በሚባለው የአይጥ ዘር ቆለጥ ላይ ዕጢ አገኘ። ማንም አላስያዛቸውም፣ ከመቶ አንዱ በራሱ ጊዜ ያወጣል። ኋላ አንድ የዘረመል ለውጥ ያለባቸውን ሲያራቡ ዕጢ የሚያወጣው ከመቶ ዘጠና በላይ ሆነ። ችግሩ ያ ዕጢ የሚጀምረው ገና በእናት ሆድ ነው። የሚመስለው የሰው ሕፃናትን የሚይዘውን ነው። ጎረምሳውን የሚይዘው ሌላ ዓይነት ነው።

የሐይቋ ልጅ፦ ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ መሰከሩልኝ!

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ቀስ በይ ልጄ። ውሻም ይታመማል። ባለፈው ከአንድ ሽማግሌ የግቢ ውሻ ሎሚ የሚያክል አወጣሁ። አንደኛው ፍሬ ሳይወርድ ሆዱ ውስጥ የቀረ ነበር፣ ዕጢውም እዚያው ላይ። በሰውም ያልወረደ ፍሬ ለዚህ በሽታ ያጋልጣል። ግን ውሻውን የሚይዘው በእርጅና ነው፣ ሰውን በብዛት ከ15 እስከ 35 ዓመት።

ዝምተኛው፦ ወንድሜ አብጦበት ሰባት ወር ደበቀን። እናንተ አይጥ ትላላችሁ።

አወያይ፦ አይዞህ። አሁን እንዴት ነው?

ዝምተኛው፦ ደህና ነው። አንዱን አወጡለት። ባለፈው ዓመት ልጅ ወለደ።

የሐይቋ ልጅ፦ አልሐምዱሊላህ። ግን የሰው ሴል ሳህን ላይ አሳድጎ መሞከር አይበቃም?

ፋርማሲስቱ፦ ሳህን ኩላሊት የለውም። ሲስፕላቲን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። መድኃኒቱ እምቢ ያላቸው ዕጢዎችም አሉ። እነሱን ከሰው ወስደው አይጥ ላይ ተክለው ነው አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩት።

የሐይቋ ልጅ፦ እሺ፣ ለዚያ ብቻ ከሆነ። ያቺ 129 ግን ትረፍ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ለሕፃናቱስ?

የሐይቋ ልጅ፦ ዶክተር ደግሞ! ነገ እንቀጥል፣ መብራት ሊሄድ ነው።